ከጀፎረ ወደ ሰገነት፦ ስለ ወልቂጤና ስለ ቡታጅራ ጠፍጣፋ ጣራዎች

ከኪነ ጥበባት ሁሉ እንደ ሥነ ሕንጻ ሰውን በግድ ታዳሚ የሚያደርግ የለም። ያልጣመውን መጽሐፍ አንባቢው ይከድነዋል፤ ያልጣመውን ቴአትር ተመልካቹ ጥሎት ይወጣል፤ ሕንጻን ግን የወደደውም የጠላውም ጧትና ማታ በሥሩ ያልፋል። እንዲህ ሆኖ ሳለ የግጥም መድበል በታተመ ማግሥት ስንኝ የሚቆጥር መምህር፣ ቴአትር በታየ ማግሥት የገጸ ባሕርዩን አመጣጥ የሚመረምር ደራሲ ሲገኝ፣ የከተማ ሕንጻ ከማዘጋጃ ቤቱ መሐንዲስና ከተከራዩ በቀር ሐያሲ የለውም። የፊት ገጹ እንኳ አልፎ አልፎ በቡና ላይ ይታማል። ጣራው ግን ከናካቴው ከሂስ ውጭ ነው። ከመንገድ ስለማይታይ እንደሌለ ይቈጠራል።

ወልቂጤና ቡታጅራ ይህን ልማድ ለመመርመር የሚመቹ ከተሞች ናቸው። ወልቂጤ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው አውራ ጐዳና 158 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር አካባቢ ላይ የምትገኝ የጉራጌ ዞን መቀመጫ ናት። ቡታጅራ ወደ ሆሳዕና በሚወርደው መንገድ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ፣ የዘቢዳርን ተራራ ተንተርሳ ከ2,000 ሜትር በላይ ተቀምጣለች፤ ዛሬ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ሆናለች። በሁለቱም ዘንድ ያለፉት ሠላሳ ዓመታት የሲሚንቶ ዓመታት ነበሩ ቢባል ማጋነን አይሆንም። የጭቃ ግድግዳና የቆርቆሮ ክዳን በነበረበት ዋና መንገድ ዳር ባለ ሦስት፣ ባለ አራትና ባለ አምስት ፎቅ ሕንጻ ተሰልፏል። ገንዘቡ በአብዛኛው የንግድ ገንዘብ ነው። ከመርካቶም ሆነ ከሌላው ከተማ ጥሮ ግሮ ያገኘ የአገር ልጅ፣ ለመስቀልና ለዐረፋ ወደ ቤተሰቡ ሲመለስ በትውልድ አገሩ ያሳረፈው ጥሪት ነው።

ከአንዱ ፎቅ ላይ ቆሞ ሌላውን ለተመለከተ ሁለት ዐይነት ጣራ ይታየዋል። አንደኛው ባርኔጣ የደፋው ነው። ሶሌታው ከተሞላ በኋላ ባለቤቱ ዝናቡን ፈርቶ በላዩ የእንጨት ወይም የብረት ማዕቀፍ ያቆምና ቆርቆሮ ያለብሰዋል፤ ዙሪያውን በብሎኬት ከፍ አድርጎ ስለሚከልለው ከመንገድ ሲያዩት ጠፍጣፋ ይመስላል። ስለዚህ ሕንጻው ከታች ሲያዩት ዘመናዊ፣ ከላይ ሲያዩት መጋዘን ነው። በሶሌታውና በቆርቆሮው መካከል ያለው ሰው ቀና ብሎ የማይቆምበት ጨለማ ለርግብና ለአይጥ ተለቋል። ሁለተኛው ራቁቱን የቀረው ነው። የኮለኖቹ ፌሮ እንደ ታጨደ ማሽላ አገዳ ሽቅብ ቆሟል፤ ከሥሩ ሮቶ፣ ዲሽ፣ የተረፈ ጠጠር፣ የተሰበረ ወንበርና ዝናብ ያዛገው ባሬላ ተበታትኗል።

ፌሮው ተስፋ ነው፤ ባለቤቱ አቅም ሲያገኝ ሌላ ፎቅ ሊቀጥልበት ያቆየው ነው። ይህን ተስፋ ማንቋሸሽ አይገባም፤ ገንዘቡን በብረትና በጠጠር ማስቀመጥ ከብዙ ችግር የተማረ ነጋዴ ጥንቃቄ ነው። ሆኖም ተስፋው ዐሥርና ዐሥራ አምስት ዓመት ሲቆይ፣ ሕንጻው የመጨረሻ ምዕራፉ ሳይጻፍ በጥሩ ሽፋን ተጠርዞ ለገበያ እንደ ቀረበ ልብ ወለድ ይሆናል። ጉዳቱም የመልክ ብቻ አይደለም። ለዝናብ የተጋለጠው ብረት ይዝጋል፤ ሲዝግ ያብጣል፤ ሲያብጥ ኮንክሪቱን ይሰነጥቀዋል፤ ውሃውም ብረቱን ተከትሎ ወደ ታች ይወርዳል። የሚጠበቀው ፎቅ ከመምጣቱ በፊት የሚሸከመው ኮለን ከአናቱ መታመም ይጀምራል።

እንግዲህ ጥያቄው ይህን ባዶ ሶሌታ ሰው የሚቀመጥበት ሰገነት ማድረግ ይቻላል ወይ የሚል ነው። በአዲስ አበባ ጣራ ላይ ምግብ ቤትና ካፌ መክፈት ከተለመደ ወዲህ ሐሳቡ ወደ ሁለቱም ከተሞች ደርሷል። ግን ሐሳቡ የደረሰው ከነጉድለቱ ስለሆነ ከመከተል በፊት መመርመር ይገባዋል።

ሰገነት የሚለው ቃል ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም። በመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ውስጥ ንጉሥ ዳዊት በምሽት ሲመላለስ የነበረው በቤተ መንግሥቱ ሰገነት ላይ ነው። በኦሪት ዘዳግም ደግሞ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው፣ ማንም ወድቆ ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን ለጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ታዟል፤ ከጥንታዊ የግንባታ ሕጎች አንዱ ስለ ጣራ መውጣቱ ልብ ሊባል ይገባል። በአገራችንም በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠራው የጐንደር የፋሲል ግንብ ጠፍጣፋ ጣራውን በጥርሳም መከታ ከብቦ ለሰው መውጫ አድርጎታል። የትግራይ ህድሞ በአፈር የተደለደለ ጣራ አለው፤ የሐረር ጌይ ጋርም እንዲሁ ጠፍጣፋ ነው። እነዚህ ሁሉ ግን ዝናብ በመጠን የሚዘንብባቸው ወይም ድንጋይ የበዛባቸው አገሮች የወለዷቸው ናቸው። የጉራጌ ምድር ሌላ ነው። በዓመት 1,000 ሚሊ ሜትር ገደማና ከዚያም በላይ ዝናብ የሚቀበል፣ እንሰት የሚያበቅል አገር ነው። የጉራጌ ባለሙያ ለዚህ ዝናብ የሰጠው መልስ በመካከለኛው ምሰሶ ላይ የተንጠለጠለው ክብ ቤትና የሾጠጠው ወፍራም የሣር ክዳን ነበር። ያ ክዳን ውሃ ለአፍታ የሚቆምበት ቦታ የለውም። ስለዚህ ጠፍጣፋው ጣራ ወደ ወልቂጤና ቡታጅራ ሲመጣ የሚቀበለው የእጅ ሙያ አላገኘም። ከአባት ወደ ልጅ የወረደ የጠፍጣፋ ጣራ ዕውቀት አልነበረም። የቆርቆሮው ባርኔጣም ከዚህ ፍርሃት የመጣ ነው እንጂ ከስንፍና አይደለም።

ጠፍጣፋ ጣራ አይኑር እንጂ፣ ሰው ከቤቱ ደጅ ወጥቶ ከሰው ጋር የሚውልበትን ሥፍራ በማደራጀት ረገድ ጉራጌ ከማንም የሚያንስ አይደለም። ይህም ጀፎረ ነው። በጀፎረ መንደር ቤቶቹ በግራና በቀኝ በረድፍ ይሰለፋሉ፤ ከቤቱ ጀርባ እንሰቱ፣ ከፊቱ ደጁ፣ ከደጁ ፊት ደግሞ ለምለም ሣር የለበሰው ሰፊ ጐዳና ይዘረጋል። በአንዳንድ መንደር ስፋቱ ከ50 ሜትር ይዘልቃል። ጀፎረ መንገድ ነው፤ ግን መንገድ ብቻ አይደለም። ጥጃ ይግጥበታል፤ ልጅ ይጫወትበታል፤ ሙሽራ ይታጀብበታል፤ ሟች ይለቀስበታል፤ ሽማግሌ ተቀምጦ ነገር ይቆርጥበታል፤ በመስቀል ሰሞን ፈረስ ይጋለብበታል። የጉራጌን ማኅበራዊ ኑሮ እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተመው መጽሐፍ ያጠናው አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ተመራማሪ ዊልያም ሻክ ሕዝቡን የእንሰት ባህል ሕዝብ ብሎታል፤ የጀፎረ ሕዝብ ቢለውም ባልተሳሳተ።

በሥነ ጽሑፍም በኩል ምስክር አለ። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በቸሃ ጽፈውት እ.ኤ.አ. በ1964 በቮልፍ ሌስላው ተርጓሚነት በእንግሊዝኛ የታተመው «የሺነጋ መንደር» የአንድ ጉራጌ መንደርን ሕይወት ያሳያል። ከዚያ በኋላ በእንግሊዝኛ የጻፉት «አፈርሳታ» ደግሞ አንድ ጎጆ በመቃጠሉ የአገሩ ሰው ተሰብስቦ እውነቱን ለማውጣት ስለሚቀመጥበት ሸንጎ የሚተርክ ነው። ለመሰብሰቢያው ግድግዳና በር አያስፈልገውም፤ ሰማይ ያለው፣ ሁሉም የሚተያይበት ክፍት ቦታ ይበቃዋል። የቴአትር ሰው እንዲህ ያለውን ቦታ ሲያይ መድረክ ይለዋል፤ ሁሉም ተዋናይ፣ ሁሉም ተመልካች የሆነበት መድረክ።

ጀፎረን እስከ ዛሬ ያቆየው ግን ሣሩ ወይም ስፋቱ አይደለም። ሕጉ ነው። አጥሩን ወደ ጀፎረው የገፋ ሰው ጎረቤቱ ዝም አይለውም፤ ጉዳዩ ወደ ሽማግሌ ይቀርባል፣ ሲከፋም ሰባት ቤት ጉራጌ የጆካ ወደሚለው የባህል ሸንጎ ሊደርስ ይችላል። በክስታኔም ዘንድ ጎርደና ሴራ የሚባለው የባህል ሕግ አለ። ባዶ የሚመስለው መሬት በግዴታ የተሞላ መሆኑን እዚህ ላይ መገንዘብ ያሻል፤ ማንም አያርሰው፣ ማንም አይከልለው፣ ሁሉም ይጠብቀው ተብሎ የተተወ ነው። ስለ ሰገነት የሚነገረው ሁሉ ከዚህ ነጥብ ጋር መነጻጸር አለበት።

ከተማው ለጀፎረ ምን ተካለት? በካሬ ሜትር የተሸነሸነ ቦታ፣ የብሎኬት አጥር፣ የብረት በርና ለሱቅ የተሰጠ በረንዳ ተካለት። አንድ ሰው በሞተ ጊዜ ወይም ልጅ በተዳረ ጊዜ ድንኳኑ የሚተከለው መንገድ ላይ ነው፤ ባጃጅና መኪና ሌላ መንገድ ይፈልጋል። ይህ በየከተማችን የተለመደ ስለሆነ የሚደነቅበት የለም፤ ነገር ግን በሥነ ሕንጻ ቋንቋ ሲተረጎም ትልቅ ክስ ነው። አምስት ፎቅ የሠራች ከተማ ለለቅሶና ለሠርግ ድንኳን የሚሆን መሬት ሳታስቀር ሠርታለች ማለት ነው። በዚያው ሰዓት ከድንኳኑ በላይ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ፎቅ አናት ላይ ሁለት መቶ ካሬ ሜትር ባዶ ሶሌታ ከሰማይ በታች ተዘርግቷል።

የተወሰደውን መሬት ጣራ ላይ መመለስ የሚለው ሐሳብ በዓለም የሥነ ሕንጻ ታሪክ ውስጥ የታወቀ አባት አለው። ለኮርቡዚዬ እ.ኤ.አ. በ1927 ስለ አዲሱ ሥነ ሕንጻ ካስቀመጣቸው አምስት ነጥቦች አንዱ የጣራ አትክልት ነበር፤ ሕንጻው ከምድር የነጠቀውን ቦታ በአናቱ ይመልስ የሚል ክርክር ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 በማርሴይ በተጠናቀቀው ትልቅ የመኖሪያ ሕንጻው ጣራ ላይ ለሕፃናት መዋያ፣ የመሮጫ ዙሪያና ጥልቀት የሌለው የልጆች ገንዳ አኖረበት። በመቶዎች ለሚቈጠሩ ቤተሰቦች የተሠራ የጋራ ደጅ ነበር። እዚህ ላይ ግን የጌታውም ጉድለት ይነገር። ከዚያ ቀደም ብሎ በፓሪስ አጠገብ በፖይሲ የሠራው፣ በየትምህርት ቤቱ እንደ አብነት የሚጠቀሰው ቪላ ሳቮዬ ዝናብ ያፈስስ ነበር፤ የቤቱ እመቤትም በደብዳቤ ደጋግመው አማረዋል። ሐሳቡ ያማረ ጣራ ያፈስሳል ወይ ለሚል ሰው መልሱ አዎን ነው፤ ያፈስሳል።

በአዲስ አበባም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አርቱሮ ሜዜዲሚ የአፍሪካ አዳራሽንና የማዘጋጃ ቤቱን ሕንጻ ሲሠራ፣ ሌሎችም አርክቴክቶች የዘመናዊነትን ቅርጽ ሲያስገቡ፣ ጠፍጣፋ ጣራ የእድገት ምልክት ሆኖ ታየ። የክፍለ ሀገሩ ከተማ ከዚህ የወሰደው መልኩን ነው። ይዘቱ፣ ማለትም ጣራ የሰው መዋያ ነው የሚለው ቁም ነገር፣ በመንገድ ላይ ቀርቷል። የቆርቆሮ ባርኔጣውን በብሎኬት ከልሎ ጠፍጣፋ ማስመሰል የዚህ ግማሽ ውርስ ፍሬ ነው። ቅርጽ ያለ ይዘት ሲኰረጅ ምን እንደሚሆን ለማስረዳት መምህራን ከግጥም ምሳሌ ሲፈልጉ መድከም የለባቸውም፤ ቀና ብለው ማየት ይበቃቸዋል።

አሁን ወደ ውሃው እንምጣ፤ በዚህ አገር ስለ ጣራ ተናግሮ ስለ ውሃ ያልተናገረ ሐያሲ ስለ ቴአትር ተናግሮ ስለ ተዋናይ እንዳልተናገረ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ነው። በሐምሌ አንድ ከሰዓት በኋላ 40 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ ሁለት መቶ ካሬ ሜትር ጣራ 8,000 ሊትር ይቀበላል፤ ባለ 2,000 ሊትር አራት ሮቶ ሙሉ ማለት ነው፤ ክብደቱም 8 ቶን ነው። ይህ ውሃ በአንዲት ቱቦ አፍ እንዲወጣ ተትቶ አፏን አንድ ፌስታል ቢዘጋት፣ ጣራው በሰዓታት ውስጥ ገንዳ ይሆናል። ስለዚህ የሰገነት የመጀመሪያ ሥራ ወንበር መግዛት ሳይሆን ውሃውን መሸኘት ነው። በአንድ ሜትር ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅታ ያስፈልጋል፤ መውረጃው ከአንድ በላይ መሆን አለበት፤ አንዱ ሲዘጋ ውሃው በሌላ በኩል የሚያመልጥበት ቀዳዳ በመከታው ላይ መተው አለበት።

ብዙ ጊዜ ሥራው የሚበላሸው ዝቅታውን በሊሾ ለማምጣት ሲሞከር ነው። ውሃውን ዐሥር ሜትር ለማስኬድ በአንደኛው ጫፍ ሃያ ሳንቲ ሜትር ሊሾ መሙላት ግድ ይላል፤ በአማካይ ዐሥር ሳንቲ ሜትር ማለት ነው፤ ይህም በካሬ ሜትር ከ200 ኪሎ ግራም በላይ ክብደት ይጨምራል። ለአንድ መኖሪያ ክፍል በተለመደው የምሕንድስና ሥሌት ለሰውና ለዕቃ የሚታሰበው ጭነት ራሱ 200 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ገና አንድ እንግዳ ሳይወጣበት ሰገነቱ የሰዉን ድርሻ በሊሾ ጨረሰው ማለት ነው። መፍትሔው ሩቅ አይደለም። ቡታጅራ በስምጥ ሸለቆው ከንፈር ላይ የተቀመጠች ናት፤ በአካባቢዋ የሀሮ ሸይጣንን ሐይቅ የመሰለ የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ አለ፤ ግንበኞች ሬዳሽ የሚሉት ቀላሉ የእሳተ ገሞራ ጠጠርም በስምጥ ሸለቆው ውስጥ ሞልቷል። ክብደቱ የሊሾውን ግማሽ ያህል ስለሆነ ዝቅታውን በእርሱ አምጥቶ በላዩ ስስ ሊሾ ማልበስ ይቻላል። መውረጃዎቹን ማብዛትም ውሃው የሚሄድበትን ርቀት ያሳጥራል። ከዚያ በኋላ ካትራሜው ወይም ሌላው የውሃ መከላከያ ልባስ ይነጠፋል፤ በመከታው ግድግዳ ላይም ቢያንስ አንድ ስንዝር ሽቅብ ይወጣል፤ ጣራ አብዛኛውን ጊዜ የሚያፈስሰው በሜዳው ሳይሆን በማዕዘኑ ነውና። ካትራሜ ለፀሐይ ተጋልጦ መቅረት የለበትም፤ በዚህ ከፍታ ያለው ፀሐይ በጥቂት ዓመታት ያደርቀውና ይሰነጥቀዋል። ሴራሚክ ከመነጠፉ በፊትም መውረጃዎቹ ተደፍነው ጣራው ውሃ ይሞላና አንድ ቀንና ሌሊት ይጠበቃል፤ ከታች ያለው ኮርኒስ ሳይረጥብ ካደረ ሥራው ሠመረ ይባላል። ይህን ፈተና የሚዘል ሥራ ተቋራጭ ፈተናውን ለክረምቱ ትቶታል።

ክብደትን በሚመለከት አንድ ጉዳይ ሳይነሣ አይታለፍም። ሰው እንዳይወጣበት ታስቦ የተሠላ ጣራ በካሬ ሜትር 50 ኪሎ ግራም እንኳ ላይታሰብለት ይችላል፤ ሕዝብ የሚሰበሰብበት ወለል ግን ከ300 እስከ 500 ይጠይቃል። ሌላ ፎቅ ሊቀጠልበት የተሠራው ሶሌታ ወለል ሆኖ የተሠላ ስለሆነ ከሌላው ይሻላል፤ ቢሆንም ለመኖሪያ የተሠላ ለሠርግ የተሠላ አይደለም። የጉራጌ ጭፈራ ደግሞ ምን እንደሆነ የታወቀ ነው፤ ጉራጌ ሲጨፍር እግሩን ቀስ አድርጎ አያሳርፍም። አንድ መቶ ሰው በአንድ ምት ሲዘልል ወለሉ የሚሰማው የቆመ ሰው ክብደት ሳይሆን ከዚያ እጅግ የበረታ ነው። ሥሌቱን የሠራው መሐንዲስ ሳይጠየቅ ጣራ ላይ ሠርግ መደገስ የዳንሱን ውበት በማያውቅ ሰው የሚፈጸም ስሕተት ነው። ያለ ፈቃድ የሚደረግ ግንባታን የከለከለው፣ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624 መንፈሱ ይኸው ነበር፤ በተግባር ግን ጣራ ላይ የሚሠራ ሥራ ከመንገድ ስለማይታይ ከተቈጣጣሪም ዐይን ያመልጣል።

ሰገነት ለመሥራት የተሞከረባቸው ጣራዎች በአብዛኛው በአንድ መንገድ ሲሄዱ ይታያሉ። በመጀመሪያ ጥላ ይቆማል፤ አራት የብረት ቋሚና ጥቂት ቆርቆሮ። ቆርቆሮው በቀትር ያቃጥላል፤ ሲዘንብ ደግሞ ጨዋታ አያሰማም። ቀጥሎ ነፋስ በዛ ተብሎ በአንድ ወገን ሸራ ይጋረዳል። በዓመቱ ሸራው በብሎኬት ይተካል። በሁለተኛው ዓመት በር ይገጠምለታል፤ በሦስተኛው ዓመት ክፍል ሆኖ ይከራያል። ሰገነቱ ባለበት ተበልቶ አለቀ። ይህን የሚያደርገው ባለቤት ክፉ ሰው አይደለም፤ የባንክ ዕዳ ያለበት ሰው ነው። ግን አጥርን ወደ ጀፎረ መግፋት ማለት ይህ መሆኑን የመንደሩ ሽማግሌ ቢያይ ለመለየት አንድ ደቂቃ አይፈጅበትም። በመንደር ያለው ሕግ ወደ ፎቅ አልወጣም። በጋራ መኖሪያ ሕንጻዎች በኩል በ1995 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 370 ከግል ክፍሎች ውጭ ያለውን የጋራ አድርጎ የመተዳደሪያ በር ከፍቷል፤ የሁለቱ ከተሞች የመንገድ ዳር ሕንጻዎች ግን አብዛኞቹ የአንድ ባለቤት ናቸው፤ በእነርሱ ላይ ጣራውን ክፍት የሚያቆየው የባለቤቱ ውሳኔ ብቻ ነው። ስለዚህ ፌሮውን ቆርጦ፣ አናቱን በኮንክሪት ደፍኖ፣ ይህ ሕንጻ እዚህ ላይ አልቋል ማለት የገንዘብ ብቻ ሳይሆን የደራሲነት ውሳኔ ነው። ደራሲ መቼ ማቆም እንዳለበት ካላወቀ ድርሰቱ አይጨረስም።

የገበታና የቢራ ሰገነት ነውር የለበትም። ከአራተኛ ፎቅ ዘቢዳርን ሲመሽ ማየት የሚከፈልበት ነገር ነው። ጉድለቱ ሰገነት ማለት ይኸው ብቻ ነው ተብሎ መወሰዱ ነው። በዚያው ሕንጻ በሁለተኛውና በሦስተኛው ፎቅ የሚኖሩ ተከራዮች ልብሳቸውን በመስኮት ብረት ላይ ያሰጣሉ፤ ልጆቻቸው በደረጃ ላይ ኳስ ይጫወታሉ፤ ቡናቸው በጠባብ ኮሪደር ይፈላል። በበርበሬው ስሙ የታወቀው የማረቆ ምድር ለቡታጅራ ጎረቤት ነው፤ በመኸር ሰሞን በርበሬ በየሜዳውና በየመንገዱ ዳር ተሰጥቶ የመኪና አቧራ ይጠጣል። ፀሐይ የጠገበ፣ ከአቧራ የራቀ፣ ንጹሕ ሊሾ ከላይ ተዘርግቶ ሳለ ማለት ነው። ከመስከረም መጨረሻ እስከ ግንቦት ድረስ ሰገነት በርበሬ ማስጫ፣ ልብስ ማስጫ፣ ቡና ማፍያ፣ የልጅ መዋያና የረመዳን ማፍጠሪያ ሊሆን ይችላል። እንሰት እንዲተከልበት አይጠበቅም፤ አንድ እግር እንሰት የሚፈልገውን አፈር የሚሸከም ሶሌታ ገና አልተሞላም። ሠላሳ ሳንቲ ሜትር እርጥብ አፈር በካሬ ሜትር ከ500 ኪሎ ግራም ይበልጣልና ለዛፍ የሚጓጓ ልብ መገታት አለበት። ጤና አዳም፣ በሶብላና የክትፎው ቅቤ የሚነጠርበት ኮሰረት ግን በየበርሜሉ ቁራጭ ሊበቅሉ ይችላሉ፤ በርሜሎቹም በጣራው መካከል ሳይሆን በኮለኖቹ አናትና በወራጆቹ መስመር ላይ ቢቀመጡ ሶሌታው ያመሰግናል።

የጎረቤት ጓሮ ጉዳይ ግን ቀላል አይደለም። ጀፎረ ላይ የተቀመጠ ሰው የሚያየው የቤቱን ፊት ነው፤ ጓሮው በእንሰቱ ተሸፍኗል። ሰገነት ይህን ሥርዓት ይገለብጠዋል። ከአራተኛ ፎቅ የሚታየው ዘቢዳር ብቻ አይደለም፤ ራሷን ገልጣ ጠጉሯን የምትሠራ ሴት፣ በጓሮ የሚታጠብ ልጅ፣ ሰው አየኝ ብሎ የማያስብ የጎረቤት ኑሮም ይታያል። በቡታጅራም ሆነ በወልቂጤ፣ ከእስላሙም ከክርስቲያኑም ወገን፣ ይህ በዋዛ የሚታለፍ ነውር አይደለም። የጥንት የእስላም ከተሞች ሰገነታቸውን ሰው ከሚያሳልፍ ከፍታ በላይ የከለሉት ስለዚሁ ነው። ስለዚህ መከታው አንድ ልክ ሊሆን አይገባውም። ወደ ተራራውና ወደ ዋናው መንገድ ባለው ወገን ወድቆ ከመሞት የሚያድን 1 ሜትር ከ10 ያህል ሆኖ ዐይን ይለቀቅ፤ ወደ ጎረቤት ጓሮ ባለው ወገን ግን ነፋስ እያሳለፈ ዐይን የሚከለክል፣ ከደጋው በሚወርድ ቀርከሃ የተሠራ፣ ከሰው ቁመት በላይ የሆነ ግርዶሽ ይቁም። ያው ቀርከሃ በላዩ ሲዘረጋ ከቆርቆሮው ይልቅ የሚቀዘቅዝና በዝናብ የማይጮህ ጥላ ይሆናል፤ በየጥቂት ዓመቱ መለወጡም ለሠሪው ሥራ ነው። በዚህ አሠራር ሰገነቱ ወዴት እንደሚያይና ወዴት እንደማያይ የሚያውቅ፣ ጨዋነት ያለው ቦታ ይሆናል። የፕላስቲክ አበባና ባለ ቀለም አምፖል ይህን አይተኩም።

እዚህ ላይ ሰገነት ጀፎረን ይተካል የሚል የዋህነት እንዳይገባ መጠንቀቅ ያሻል። ጀፎረ በር የለውም፤ መንገደኛ ሳይፈቀድለት ያልፍበታል፤ ድኻው ከሀብታሙ ፊት ለፊት ይቀመጥበታል። ሰገነት ሁልጊዜ የአንድ ሕንጻ ነው፤ ደረጃውን መውጣት የማይችሉ ሽማግሌዎችንና አካል ጉዳተኞችን ከታች ያስቀራል፤ አስክሬን አይወጣበትም፤ ለቅሶው አሁንም ድንኳኑን መንገድ ላይ ይተክላል። የከተማ ፕላን አውጪዎች ጣራው ስላለ መሬት አያስፈልግም ወደሚል ድምዳሜ ቢደርሱ ከቆርቆሮው ባርኔጣ የከፋ ስሕተት ይሆናል። ሰገነት የሚመልሰው ደጅን ነው፤ ጀፎረን አይደለም። የደጅ መመለስ ግን ከመሬት ከፍ ብሎ ለሚኖር ቤተሰብ ትንሽ ነገር አይደለም።

ለኪነት ሰዎችም በዚህ ውስጥ የሚሆን ነገር አለ። የቴአትር አዳራሽ በሌለበት ከተማ ሃምሳ ሰው የሚይዝ ሰገነት በጥቅምት ምሽት ለግጥም ንባብ፣ ለክራር፣ ለትንሽ ተውኔት ይበቃል። ነፋሱ ድምፅን ስለሚወስድ ተናጋሪው ጀርባውን ወደ ነፋሱ ሳይሆን ወደ ደረጃ ቤቱ ግድግዳ ሰጥቶ መቆም አለበት፤ ግድግዳው ድምፁን ወደ ፊት ይመልስለታል። በጉብሬ ያለው የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕንጻና የሥነ ጽሑፍ ሰዎች አንድ ባለ ሕንጻ አሳምነው ቢሞክሩት ወጪው ከአንድ የአዳራሽ ድግስ አይበልጥም።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን ደረጃው መታየት አለበት። በአብዛኛው ሕንጻ እስከ መጨረሻው ፎቅ በቴራዞ ያማረው ደረጃ ከዚያ በላይ ሲደርስ ይቋረጥና ወደ ጣራው የሚያወጣው ግድግዳ ላይ የተበየደ የብረት መሰላል ይሆናል፤ ከላዩም ክዳን አለ፤ ክዳኑም ቁልፍ አለው። ተከራዩ ቁልፉ ማን ዘንድ እንዳለ አያውቅም። ባለቤቱ አዲስ አበባ ነው። ቁልፉ ያለው ዘበኛው ዘንድ ነው። ዘበኛው ሮቶው ሞልቶ እንደ ሆነ ለማየት በቀን ሁለት ጊዜ ይወጣል፤ ጋቢውን በፌሮዎቹ መካከል በተወጠረ ገመድ ላይ አስጥቶ፣ ብሎኬት ገልብጦ ተቀምጦ፣ እስኪደርቅለት ድረስ ከተማውን ያያል።